መቅመስ መብላት አይደለም

ሰው በበላው ይታመማል ይባላል። እኔ ግን ባልበላሁት ታመምኩ እያልኩ ከጥር እስከ ሰኔ ስከራከር ኖርኩ። ይህን ባልኩ ቁጥር ሐኪሟም ሚስቴም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር። መስኮቱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። እናንተ አንባቢዎች ፊታችሁን ብታዞሩም አላያችሁም፤ ስለዚህ ሳልቀየማችሁ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ቅቤ ንግድ ነው። «ቅቤ ነጋዴ ድርቅ ያወራል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ቅቤ ተወዶበት የተናደደ ጎረቤት መሆን አለበት። እኔ ስለ ድርቅ አውርቼ አላውቅም፤ ስለ ሰው ክፋት ማውራት ቀኑን ይሞላልኛል። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ቅቤውን የምገዛው ግን በደባርቅ መንገድ ወጣ ብዬ ኮሶዬ ላይ ነው። የተወለድኩትም እዚያው ነው። የኮሶዬ ብርድ ቅቤን ያጠነክራል፣ ሰውንም ያጠነክራል ይላሉ። እኔን ያጠነከረኝ ብርዱ ሳይሆን ሰዉ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበረች። ቀበሌ ስሄድ ቀለም ይነክሯታል፣ ወረቀት ላይ ይጫኗታል፣ በቃ፣ የማላውቀውን ነገር ተስማማሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በዚህች ጣት የሰፈሩ ቧንቧ እኔ ደጅ መቆሙ ቀርቶ ጎረቤቴ ደጅ እንዲቆም ፈርሜ ተገኘሁ። በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪው በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነበር፤ ስሳሳት ግን እንደ አባቴ ይቆጣኛል። ቻልኩት። አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ስሜን ከነአባቴ ፈረምኩ። አውራ ጣቴም ከፊርማ ሥራ ጡረታ ወጥታ ዕድሜዋን ሁሉ ለቅቤ ሰጠች።

ምነው ለቅቤ? ቅቤ በዓይን አይገዛማ። ላዩ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ ክፋቱ ያለው መሐሉ ላይ ነው። እኔ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቅቤው ያለበት ቅል ውስጥ እስከ መሐል ሰደድ አደርግና ጫር አድርጌ ምላሴ ላይ አኖራለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። አሬራው በደንብ ያልወጣለት እንደሆነ ምላሴ ትነግረኛለች። ላሚቱ ደንቢያ ሜዳ ላይ ነው የጋጠችው ወይስ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ፣ ትነግረኛለች። ሙዝ ተመትቶ የገባበት እንደሆነማ ገና ሳትነካው ትኮማተራለች። ገበያው ውስጥ የእኔ ምላስ ዳኛ ናት፤ ይግባኝም የላትም። አንዲት ሴት ዓይኔን ጨፍኜ ገና ሳልገልጠው ቅሏን አንስታ ጠፍታለች።

አሁን ወደ በሽታው። ታላቅ ወንድሜ አያ ቢያድጎ እዚያው ኮሶዬ ያርሳል። ያርስ ነበር ልበል። አንድ ኩንታል ገብስ ብቻውን ጀርባው ላይ አውጥቶ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው። ባለፈው ኅዳር አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘራ መንሹን እንደያዘ ወደ አንድ ጎን ተጋደመ። አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨመቀበት። ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። እኔ ማኪና ይዤ እስክደርስ ድረስ ያልታዘዘለት ነገር ሐኪም ቤት ብቻ ነበር። ጎንደር አወረድኩት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አውድማው ላይ ቀሩ። አፉም ወደ ግራ ሄዶ አልተመለሰም።

ሐኪሟ የደም ሥሩ ውስጥ ስብ ተጋግሮ መንገድ እንደዘጋ ነገረችን። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወንድማቸው ነዎት? እርስዎም ቢመረመሩ ጥሩ ነው» አለች።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የፈራሁት ሞትን አይደለም፤ ሞት ለሁሉ የተሰጠ ነው፣ ለእኔ ተለይቶ አልመጣም። የፈራሁት በሰው እጅ መጉረስን ነው። አያ ቢያድጎ አልጋው ላይ ተደግፎ ሚስቱ ስታጎርሰው፣ ጉርሻው በተጣመመው ወገን ሲመለስ፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግለት አይቻለሁ። እሱ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ነበር። እኔ በሕይወቴ የሰው እጅ ያጎረሰኝ በሠርጌ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም አልወደድኩትም።

ጥምቀት አልፎ ተመረመርኩ። ውጤቱ በወረቀት መጣ። ሐኪሟ ልታነብልኝ እጇን ስትዘረጋ ራሴ አነባለሁ ብዬ ያዝኩት። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በፈረንጅ ፊደል ነበር። በጎልማሳነቴ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል የለቀምኩት እንዲህ ያለ ቀን እንዳልዋረድ ነበር፤ ቀኑ ሲመጣ በሌላ ፊደል መጣ። ትንሽ አየት አየት አድርጌ መለስኩላት። «አንብቤዋለሁ፤ ግን አንቺ ብትነግሪኝ ይሻላል» አልኳት። ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሴን ገመና በገዛ እጄ ለመጻፍ አይደለም የተማርኩት።

«ቅቤ ይበላሉ?»

«አልበላም።»

እውነቴን ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች፤ ቅቤ ነጋዴም በዘይት። እኔ ቤት ወጥ በዘይት ነው የሚሠራው፣ ቅቤው የሚሸጥ ነው። ሚስቴ ባንቺአምላክ ይህን ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ በደል ስትቆጥረው ኖራለች። ሐኪሟ ሥጋ ይበላሉ ወይ አለችኝ፤ በዓል ሲሆን አልኳት። እንቁላልስ? ዶሮዎቹ የሚስቴ ናቸው፣ እሷን ጠይቂያት አልኳት። ብዕሯን አገጯ ላይ አድርጋ ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ አለችና፣ የሰው ጉበት ራሱ ኮሌስትሮል እንደሚሠራ፣ በዘርም የሚበዛባቸው እንዳሉ ነገረችኝ።

ይኸ ነገር አናደደኝ። የገዛ ጉበቴ ስንት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያለ ንግድ ፈቃድ፣ ያለ ግብር፣ ቅባት ሲያመርት ኖሯል ማለት ነው። እኔ በየዓመቱ ሐምሌ ግብር ልከፍል እሰለፋለሁ።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። ማታ ማታ አንድ ኪኒን። ጮማ መተው። ገብስ፣ አጃ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን ማዘውተር። በእግር መሄድ። እኔ ኮሶዬ ውስጥ ገብስና ባቄላ ስበላ አድጌ፣ ጎንደር የወረድኩት እነሱን ላለመብላት ነበር። ማኪና ሳይኖረን ከኮሶዬ ጎንደር በእግሬ ነበር የምወርደው፤ ያኔ ድህነት ይሉት ነበር፣ አሁን ስፖርት ሆኗል። ሰው ብዙ ከኖረ የሸሸውን ሁሉ በሐኪም ወረቀት ታዝዞለት ያገኘዋል።

የእኔ ነገር በተሰማ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ አለ፤ ዋጥኩ፤ ደንበኛ ሸሸኝ። አንዷ ሎሚ አለች። ሎሚ የሳህን ቅባት ይቆርጥ የለ፣ ደምም ያው ነው ብላ አስረዳችኝ። ሳምንት ሙሉ ሎሚ ስጠጣ ከርሜ ሆዴ እንደ ኖራ ነደደ፤ ሳህን ብሆን ኖሮ አንጸባርቅ ነበር። አንዱ ደግሞ ኮሶ ጠጣ አለኝ። ለኮሶዬ ሰው ኮሶ ማዘዝ ለአባይ ውሃ መላክ ነው ብዬ ሸኘሁት።

ስለ ኪኒኑ ግን ራሴ አሰብኩበት። ሰው ካሰበ አይቀር በደንብ መሳሳት አለበት። ኪኒኑ የቅባት ጠላት ነው አይደል? ጮማ በበላሁ ቀን ልዋጠው፣ መልካም፣ ገብቶ ይዋጋ። ሽሮ በበላሁ ቀንስ ምን ሊያደርግ ይገባል? ጠላት የሌለበት አገር የተላከ ወታደር ሰፈርተኛውን ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ሥጋ በበላሁ ቀን ብቻ እውጣለሁ፣ ሌላውን ቀን አሳርፈዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ባንቺአምላክ ዋጥክ ወይ ስትለኝ «ለሚያስፈልገው ቀን ውጫለሁ» እላታለሁ። ይኸ ውሸት አይደለም።

ሁዳዴ ገባ። ሁዳዴ የእኛ የነጋዴዎች መኸር ነው፤ ሰው አይበላም፣ ቅቤው ይረክሳል፣ እኛ ለፋሲካ እንገዛለን። ታዲያ በጾም ቅቤ አይቀመስም። ጥፍሬን ሰደድ አድርጌ ያወጣሁትን መዳፌ ላይ አሸት አሸት አድርጌ አሸተዋለሁ፣ የተረፈውን ክንዴን እቀባዋለሁ። ሃምሳ አምስት ቀን በአፍንጫዬ ገዝቼ አንድም ሙዝ አልገባብኝም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ እናንተ ግን ልብ በሉልኝ።

በሕማማት ሳምንት ሄጄ ተመረመርኩ። ወርዷል። ሐኪሟ መድኃኒቱ ሠርቶልዎታል ብላ ደስ አላት። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ እንደሠራ ማን ይነግራታል? ስወጣ በደረጃው ላይ ራሴን ቀና አድርጌ ወረድኩ። ገበያ ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። እኔ ቅቤ የማልበላ፣ በሽታውን ያለ ኪኒን ያሸነፍኩ ሰው ነኝ አልኩ። ቅቤ የማልበላ የሚለውን በተለይ ጮክ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ፋሲካ ሆነ። በበዓሉ ጮማውን ለእንግዳ ሰጥቼ ቀዩን ብቻ በላሁ፤ ለእሱም አንድ ኪኒን ላክሁበት። ከዚያ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጎንደር ሃምሳ አምስት ቀን የተራበውን ቅቤ በአንድ ጊዜ ፈለገ። እኔም ኮሶዬ እየተመላለስኩ ከጧት እስከ ቀትር ቅል ከቅል ስገዛ ዋልኩ። ቤቴ ግን ጨዋ ነበርኩ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር። ከሱቅ ቤቴ በእግሬ። ሱሪዬ ከወገቤ ሰፋ፣ አመሌ ከሱሪዬ ባሰ። ባንቺአምላክ በዘይት የሠራችውን ሽሮ አቅርባ «ብላ» ስትለኝ የምመልሰውን መልስ እዚህ ብጽፈው የጎልማሶች አስተማሪዬ ያፍርብኛል።

ከፋሲካ በኋላ አርባኛው ቀን ግድም ሦስተኛውን ተመረመርኩ። ባንቺአምላክም ልይ ብላ አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ወረቀቱን አየች። ከመጀመሪያውም በልጦ ወጥቷል።

«ኪኒኑን በትክክል ወስደዋል?»

«ለሚያስፈልገው ቀን ወስጃለሁ» አልኩ።

ባንቺአምላክ ቦርሳዋን ከፍታ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይዛው እንደመጣች አላወቅኩም ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬ ኖሬ ያቺ ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደምትይዝ አንድም ቀን ቀድሜ አውቄ አላውቅም። ሐኪሟ ካርቶኑን ብታየው ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል እንዳለ ነው። ስለ ወታደሩና ስለ ጠላቱ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና «አባቴ፣ እርስዎ ቢጾሙም ጉበትዎ አይጾምም» አለችኝ። ጾም ሆነ ፍስክ፣ ሽሮ ሆነ ጮማ፣ በየማታው አንድ። ጉበቴ ክርስቲያን መሆኑን ጠይቄው አላውቅም።

ሐኪሟ ግን ይህ አልበቃትም። በጾም ያለ ኪኒን ከወረደ በፍስክ የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው አለች። ቅቤ አልበላም አልኳት። ሐኪሟ ወደ ባንቺአምላክ ዞረች።

«እማማ፣ እስቲ አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር ይዋሉ። አፋቸው የሚገባውን ሁሉ ይዩልኝ።»

ሠላሳ ዓመት ያለ ትእዛዝ ስትጠብቀኝ የኖረች ሴት በሐኪም ትእዛዝ ልትጠብቀኝ ሆነ።

በገበያው ቀን ባንቺአምላክ ነጠላዋን አጣፍታ የኮሶዬ ማኪና ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦርሳዋ ውስጥ ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ ይዛለች። ምን ሊያደርግልሽ ነው ስላት «ውሃ ብጠማ» አለችኝ። ገበያው ላይ በርጩማዬን ስዘረጋ እሷም ድንጋይ ስባ ጎኔ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣችው ደብሬ ናት። ደብሬ የጥንት ደንበኛዬ ናት፤ ቅቤዋ ንጹሕ፣ አፏ ግን ያልተነጠረ። ጥፍሬን ሰደድኩ፣ ምላሴ ላይ አኖርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ባንቺአምላክ በማንኪያዋ ከዚያው ቅል የእኔን ያህል ጫር አድርጋ ብርጭቆው ውስጥ አስቀምጣለች።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አለቻት ደብሬ።

«የባሌን ምሳ እያቆየሁለት ነው» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሐኪሟ ያሳበደቻት መስሎኝ ለደብሬ ብሯን ቆጠርኩላት። ሁለተኛዋ መጣች፣ ቀመስኩ፤ ባንቺአምላክ ጫረች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። አሥረኛዋ ላይ ሴቶቹ ነገሩ ገባቸውና የራሳቸውን ግብይት ትተው ብርጭቆውን ያዩ ጀመር። ያቺ «የእኔን ጨመርሽው?» ትላለች፣ ይቺ «ኧረ የእሱ ጥፍር ከዚህ ይበልጣል፣ ጨምሪ» ትላለች። እኔ ለሥራዬ ክብር ስል አንድም ቅል ሳልቀምስ አላሳለፍኩም። እንዲያውም ንዴት ይዞኝ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቀመስኩ። እሷም ሁለት ጊዜ ጫረች።

ቀትር ላይ መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤት ገባን። ደብሬም ውጤቱን ሳላይ አልሄድም ብላ ተከትላን አጠገባችን ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔ አስተናጋጇ እንድትሰማው ጮክ ብዬ ሽሮ፣ ቅቤ የሌለበት አልኩ። ሽሮው መጣ። ባንቺአምላክ ከቦርሳዋ ብርጭቆውን አውጥታ ከሽሮው ጎን አስቀመጠችው። እስከ አፉ ሞልቷል። ከአፉም አልፎ እንደ ቁልል ቆሟል።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዛሬ የበላኸው።»

«የቀመስኩት ነው። መቅመስ መብላት አይደለም።»

እናንተ አትፍረዱብኝ፤ ከልቤ ነበር የተናገርኩት። ገበታ ላይ ያልቀረበ፣ እንጀራ ያልነካው፣ የእግዚአብሔር ስም ያልተጠራበት ነገር እንዴት ምግብ ይባላል? አናጢ የእንጨት ብናኝ አፉ ቢገባ እንጨት በላ ይባላል ወይ? ይኸ የሥራ ጉዳይ ነው አልኩ። ደብሬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«አያ፣ እኔማ ከቤቴ ስወጣ የአንተን ጥፍር አስቤ ትንሽ ጨምሬ ነው የማመጣው» አለችኝ። «ሁላችንም እንደዚያው ነን። ምነው፣ የምታውቅ መስሎን ነበርኮ።»

ይህንንም ቻልኩ። ግን ባንቺአምላክ ገና አልጨረሰችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። እሷ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው የሚያስፈራው።

«መቅመስ መብላት ካልሆነ፣» አለችኝ፣ «ሁዳዴ ላይ ምነው አትቀምስም?»

ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። ቀበሌ ላይ፣ ግብር ላይ፣ አማቶቼ ላይ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ሽሮው እስኪበርድ ድረስ ብርጭቆውን ሳይ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ «ጾም ሌላ ነገር ነው» አልኩ። ለራሴም አልጣመኝም።

ያ ብርጭቆ እዚያ የሚቀር መስሎኝ ነበር። በነጋታው ባንቺአምላክ በላስቲክ ጠቅልላ ሐኪም ቤት ይዛው መጣች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዋን ሲፈትሽ አገኘውና ይኸ ምንድን ነው አላት። የምርመራ ነው አለችው። ሰውዬው ብርጭቆውን አየ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ አዝኖልኝ አሳለፈን። እስከ ዛሬ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር እግዚአብሔር ይማርዎት ይለኛል።

ሐኪሟ ብርጭቆውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ይህን በአንድ ቀን ወይ ብላ ጠየቀች፤ በአንድ ቀን፣ እስከ ቀትር ብቻ ስትላት ባንቺአምላክ፣ ሳቋን ተወችው። ኪኒኑ በየማታው፣ ቅምሻው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም አለችኝ። እኔም ምላሴ እንጀራዬ ናት፣ ሳልቀምስ ከገዛሁ በዓመቱ የሙዝ ነጋዴ ነው የምሆነው አልኳት። አልተከራከረችኝም። ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ እየጻፈች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ወንድምዎ እንዴት ናቸው?»

ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ባንቺአምላክ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምታስውጠኝ፤ ከዋጥኩ በኋላ አፌን አስከፍታ ታያለች። ቅቤውን ግን ምን ላድርገው? ሁለት ገበያ ኮሶዬ ወጥቼ ባዶ ቅል ይዤ ተመለስኩ። ሳልቀምስ መግዛት ሳላነብ እንደ መፈረም ሆኖ ተሰማኝ። ቧንቧው ትዝ አለኝ። ሴቶቹ ቅላቸውን እያቀረቡ ይጠብቁኛል፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ዋጋው አልተመቸኝም ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ሣሩን አብቅሎት ቅቤው እንደ ጉድ ነበር።

በሦስተኛው ገበያ ባንቺአምላክ ካልገዛህ እኔ እገዛለሁ ብላ አብራኝ ወጣች። አያ ቢያድጎንም ሚስቱ አየር ይውሰድ ብላ ገበያው አፋፍ ላይ፣ የእኔ በርጩማ አጠገብ፣ በጋቢ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል። የእጁ ቆዳ በብርዱ ተሰነጣጥቋል።

ደብሬ ቅሏን ከፍታ ፊቴ አኖረችው። ሌሎቹም ዛሬ ይገዛ እንደሆነ ሊያዩ ከበቡን።

«ቅመሳ፣ አያ» አለችኝ።

«አልቀምስም።»

«የሰኔን ጾም ያዝክ እንዴ? እሱን የሚጾሙት ቄሶቹ ናቸው። ቅስና መቼ ተቀበልክ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ያቺ ልጄን አጥምቅልኝ ትላለች፣ ይቺ መስቀል አሳልመኝ ብላ ግንባሯን ታቀርባለች። ደሜ ፈላ። ዛሬ ብቻ፣ አንዲት ጥፍር ብቻ፣ አፋቸውን ላስይዛቸው አልኩ። ጥፍሬን ቅሉ መሐል ሰደድኩ፣ ጫርኩ። ጣቴ መንገዱን ራሷ ታውቀዋለች፤ ወደ አፌ ጉዞ ጀመረች።

በዚያው ጊዜ የአያ ቢያድጎ ሚስት ምሳውን ታጎርሰው ነበር። ጭብጦውን አፉ ውስጥ አደረገችለት። ከፊሉ በተጣመመው ወገን ተመለሰ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። እሱ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ እኔን ያይ ነበር፤ ይበልጥ ደግሞ ጣቴን።

ጣቴ አፌ ሳትደርስ ቆመች። እኔ አቆምኳት ብዬ አልኮራም፤ አፈረች መሰለኝ። ከዚያ ወደ አፍንጫዬ አነሣኋት። ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የሸተተኝ የሴቶቹ ሹክሹክታና እርጥብ ነጠላ ነበር። ቆየሁ። ጦስኝ መጣ። ከጦስኙ ሥር የገደሉ አፋፍ ሣር፣ ከሣሩ ሥር ዛሬ ጧት የተናጠ ወተት። አሬራው ወጥቷል። ሙዝ የሚባል አገሩም አልደረሰ። ሁዳዴ ሲመጣ ለእግዚአብሔር ብዬ በየዓመቱ ሃምሳ አምስት ቀን የምሠራው ሥራ ነው። ለራሴ ግን አይቻልም ስል ነበር።

«ሸጋ ነው። ልክፈልሽ» አልኳት።

ደብሬ ዝም አለች። ደብሬ ዝም ስትል ገበያው ሁሉ ይሰማዋል።

ጥፍሬ ላይ ያለችው ቅቤ ቀረች። ወደ ቅሉ አትመለስም፣ ነውር ነው። ወደ አፌም መንገዱ ተዘግቷል። ዞር ስል የአያ ቢያድጎ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ተቀምጣለች። አነሣኋት፤ ከባድ ናት፣ ያ ሁሉ ኩንታል አሁንም ያለባት ይመስላል። ቅቤውን መዳፏ ላይ አድርጌ ስንጥቅ ስንጥቁን በአውራ ጣቴ አሸሁለት። ቆዳው ጠጣው። ከደብሬ ቅል ሌላ ጫርኩና የጣቶቹን መሐል ቀባሁ። ማንም አልሳቀም።

አያ ቢያድጎ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አያት። ከዚያ በዚያች በተጣመመች አፉ፣ ቃሉን አንድ አንድ እያለ እያወጣ፣

«ምነው እስከ ዛሬ አልቀባኸኝም?» አለኝ።

«እስከ ዛሬ እበላው ነበራ» አልኩት።

ባንቺአምላክ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች። ቀና ስል ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራዋለች። ገደሉ ግን በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ምንም የሚታይ ነገር የለውም።